ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ፦ የቡና አገር አጋሰሶችን ስለሚታደግ የልብስ ብራንድ

የልብስ ብራንድ አቋቁሞ ከገቢው የተወሰነውን ለተጎዱ እንስሳት መታደጊያ ማዋል ወጣት ተመራቂዎችን የሚስብ የሥራ ሐሳብ ነው። ሆኖም ሁለት ጥያቄዎች አስቀድመው ካልተመለሱለት ከመፈክር አያልፍም፤ የትኛው እንስሳ ይረዳል? እርዳታውስ ከየትኛው ገንዘብ ይወጣል? የዚህ አጭር ጽሑፍ አቋም እንዲህ የሚል ነው፦ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው የቡና ምድር የሚቋቋም እንዲህ ያለ ብራንድ ቀዳሚ ትኩረቱን ለጭነት እንስሳት ሊሰጥ፣ ድርሻውንም ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ሊቆርጥ ይገባዋል።

የትኛው እንስሳ?

በካናቴራ ላይ ሲታተም ዓይን የሚስበው አንበሳ ወይም ነብር ነው። አካባቢያችንም ለዱር እንስሳት ባዳ አይደለም። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። ይሁን እንጂ ከሕገ ወጥ ንግድ የተያዘ አንበሳን ወይም አቦሸማኔን መንከባከብ የመንግሥት ፈቃድ፣ ሰፊ አጥርና የዕድሜ ልክ ቀለብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በመናገሻ አቅራቢያ ያለው የቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ «እንስሳ ኮቴ» ማዕከል የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጀማሪ የልብስ ድርጅት ሊሸከመው የሚችል ሥራ ግን አይደለም።

ሊሸከመው የሚችለው በየዕለቱ በዓይናችን ሥር የሚያልፈውን አጋሰስ ነው። መኪና በማይገባበት መንገድ እሸት ቡና ከጫካው እስከ መፈልፈያ ጣቢያው የሚጓዘው በሰው ትከሻ፣ አልያም በበቅሎ፣ በፈረስና በአህያ ጀርባ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ያለአግባብ ስለሚብላላ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ጣዕሙ ሲበላሽ ደረጃውም ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ በለቀማ ወቅት የእንስሳው ጤና ከገበሬው ገቢ ተለይቶ አይታይም። በሌላ በኩል የጭነት ኮርቻው ያልተደላደለ ከሆነ፣ ግላሱም ከሳሳ፣ ጀርባው ይገጥባል። የገጠበ እንስሳ ማረፍ ሲገባው በቁስሉ ላይ ዳግመኛ ይጫናል። የደቡብ ምዕራብ ቆላማ ስፍራዎች የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ መኖሪያ መሆናቸው ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል፤ በበሽታው የከሳ እንስሳ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም።

ኅብረተሰቡ ለእነዚህ እንስሳት ግድ የለውም ማለት አይቻልም። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ የተዘጋው በሕዝብ ተቃውሞ ነበር። የአፍሪካ ኅብረትም በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባካሄደው የመሪዎች ጉባኤ አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲከለከል ወስኗል። ርኅራኄው አለ። የጎደለው ርኅራኄውን ወደ ዘላቂ አገልግሎት የሚለውጥ ቋሚ ገንዘብ ነው።

ከየትኛው ገንዘብ?

ልብስ ሸጦ በጎ ዓላማን መደገፍ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው «ለምለም» የሀገራችንን ሸማኔዎች ሥራ ለዓለም ገበያ ሲያቀርብ፣ በስሙ የተሰየመው በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ የእናቶችን ጤና ይደግፋል። በአሜሪካ ፓታጎንያ የተባለው የልብስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ከሽያጩ 1 በመቶውን ለተፈጥሮ ጥበቃ ለመስጠት ቃል ገብቷል። «ከሽያጩ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ጀማሪ ብራንድ በዓመት 500 ካናቴራዎችን እያንዳንዳቸውን በ1,000 ብር ሸጠ እንበል። ጠቅላላ ሽያጩ 500,000 ብር ነው። ለጨርቅ፣ ለስፌትና ለኅትመት 425,000 ብር፣ ለኪራይና ለማጓጓዣ 80,000 ብር ቢያወጣ 5,000 ብር ይከስራል። «ከትርፌ 20 በመቶውን እሰጣለሁ» ብሎ ከነበረ እንስሳቱ የሚያገኙት ምንም ነው። «ከሽያጬ 3 በመቶ» ብሎ ከነበረ ግን 15,000 ብር ያገኛሉ። ከትርፍ የሚሰጥ ተስፋ በክፉ ዓመት ባዶ ነው፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው። ከዚህም በላይ ገዢው የድርጅቱን ትርፍ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የከፈለውን ዋጋ ግን ያውቃል፤ ከዋጋው ውስጥ 30 ብሩ የት እንደገባም መጠየቅ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ስሌት የብራንዱ ኪሳራ ወደ 20,000 ብር ከፍ ይላል። መፍትሔው ድርሻውን በዓመቱ መጨረሻ የሚታሰብ ስጦታ ማድረጉን ትቶ እንደ ክርና እንደ ቁልፍ የማምረቻ ወጪ አድርጎ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ማስላት ነው። በዚያ ዋጋ ልብሱ የማይሸጥ ከሆነ ቃሉም መገባት አልነበረበትም።

ከገንዘቡ ሌላ የልብስ ሥራ በእጁ ያለ ሀብት አለው፤ ከስፌት የሚተርፍ ቁርጥራጭ ጨርቅ። ንጹሕ የጥጥ ቁርጥራጭ ላብ ስለሚመጥ ከኮርቻ ሥር ለሚደረግ ትራስ መሙያ ሊሆን ይችላል። ሲጎዘጎዝ ግን ክብደቱ በጀርባ አጥንቱ ላይ ሳይሆን በግራና በቀኝ ጎን እንዲያርፍ መሃሉ ክፍት መሆን አለበት። ቁስልን አስቀድሞ መከላከል ከማከም ይቀልላል፤ ወጪውም ያንሳል።

«ሰው በተቸገረበት ጊዜ ለእንስሳ?» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ተቃውሞው ክብደት የሚኖረው የእንስሳውና የሰው ችግር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ ነው። በቅሎው የወደቀበት ቤተሰብ ጭነቱ ወደ ሴቶችና ወደ ልጆች ትከሻ ስለሚዛወር፣ አጋሰስን መታደግ ሰውንም ማሳረፍ ነው።

ከዩኒቨርሲቲያችን የሚጠበቀው ብራንዱን ራሱ ማቋቋም አይደለም። የእንስሳት ሳይንስ ተመራማሪዎች በለቀማ ወቅት በመፈልፈያ ጣቢያዎች የሚደርሱ አጋሰሶችን የጀርባ ቁስል ትራሱ ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ ቢመዘግቡ፣ የቢዝነስ ተማሪዎች ደግሞ የሽያጩን ድርሻ በየዓመቱ ቢመረምሩ፣ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ይገኛል። የብራንዱም ስኬት የሚለካው በተሸጠው ካናቴራ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሳይገጥቡ የለቀማውን ወቅት በጨረሱ ጀርባዎች ቁጥር ይሆናል።