የኤምባሲው መለኪያ ሲዘጋ ተፍኪ ምን አጣች? ምንም!

የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኤምባሲዎቹ የሚሰበስበውን የአየር ጥራት መረጃ ለሕዝብ ማሰራጨት እንደሚያቆም አስታወቀ። ምክንያቱ በጀት ነው ተባለ። አዲስ አበባ ለዓመታት በየሰዓቱ ስታየው የነበረው ቁጥር እንዲሁ ቀረ።

ብዙዎች ደነገጡ፤ መደንገጣቸውም ተገቢ ነው። ግን መለኪያዎቹ የት ነበሩ? አንዱ በእንጦጦ መንገድ በኤምባሲው ግቢ፣ ሌላው የዲፕሎማት ልጆች በሚማሩበት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት። መጀመሪያውኑ የታሰቡት ለኤምባሲው ሰው ነው፤ ዛሬ ልጁ ሜዳ ላይ ይሩጥ ወይስ ክፍል ውስጥ ይቆይ የሚለውን እንዲወስንበት። አገሬው የተጠቀመው በጎረቤት መብራት እራቱን እንደሚበላ ቤተሰብ ነው። ጎረቤት መብራቱን ሲያጠፋ ጎረቤትን መውቀስ ይቻላል፤ ያን ሁሉ ዓመት ኩራዝ እንኳ ያልገዛው አባወራ ግን ምን ይባል?

ከአየር ጤና ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ ከሰበታም ወደ ተፍኪ የሚሄድ ሰው ነገሩን ያለ መሣሪያ ያየዋል። ፋብሪካው በመንገዱ ግራና ቀኝ ነው። ሲኖትራኩ ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ ያልፋል። በጋ ሲሆን የአዋሽ ሜዳ ጥቁር አፈር ተሰንጥቆ አቧራ ይሆናል፤ በየጓሮው ደግሞ እንጀራ የሚጋገረው በኩበትና በእንጨት ነው። በዚህ ላይ በበጋው ወራት አዲስ አበባ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በአመዛኙ ከምሥራቅ ስለሆነ የከተማዋ ጭስ ወደ ቡራዩና ወደ ሰበታ አቅጣጫ ይገፋል። የተፍኪ ነዋሪ ግን ስልኩን ከፍቶ የከተማውን ስም ቢጽፍ የሚያገኘው በሳተላይትና በኮምፒውተር ስሌት የተገመተ ቁጥር ነው።

ሱሉልታም ከዚህ አትሻልም። ዓለም የሚያውቃቸው ሯጮች በጎጃም መንገድ ዳር ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ ይለማመዳሉ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ራሱ የአየር ጥራት መለኪያ ልትከል ሲል የመረጠው የአዲስ አበባን ስታዲየም ነው።

የትብብር ፕሮጀክቶች አልጠፉም። አዲስ አበባ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ድጋፍ ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የሚሠራ የአየር ጥራት አስተዳደር ዕቅድ ነበራት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ጂኦሄልዝ በተባለው ማዕከል ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር አብሮ ሠርቷል። ሥራው መልካም ነው። ግን ዕቅዱ የከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ሰበታና ቡራዩ ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ናቸው። ነፋስ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፣ የፕሮጀክት ሰነድ ግን በሚገባ ያውቃል። ቆሻሻ ለመጣል ሲሆን ወሰኑ ከልካይ አልነበረም፤ በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ ተጭኖ ሰንዳፋ ደርሷል፣ የተመለሰውም ገበሬው አልቀበልም ስላለ ነው።

ሰው የማያነሳው ሌላ ጉዳይ አለ። ዛሬ ለጋሾች በብዛት የሚሰጡት በርካሽ የሚገዙትን ትናንሽ መለኪያዎች ነው። እነዚህ እርጥበት ሲበዛ ቁጥር ያዛባሉ። ስለዚህ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ ትልቅ መሣሪያ ጎን ተቀምጠው መመሳከር አለባቸው። የኤምባሲው መሣሪያ እንዲህ ያለ ማመሳከሪያ ነበር። የእሱ መረጃ ሲቋረጥ ከሱ ጋር ሊመሳከሩ የሚችሉት ሁሉ ምስክር አጡ። ትልቁ መሣሪያ ደግሞ ተተክሎ የሚተው ሐውልት አይደለም። የማያቋርጥ መብራት፣ በየጊዜው የሚቀየር የማጣሪያ ጥቅል፣ የሠለጠነ ቴክኒሻን ይፈልጋል። ጥቅሉ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ የሚያልፈውም በጉምሩክ። ሪባን ሲቆረጥ ይህን የሚናገር የለም።

«አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት ስለ አቧራ?» የሚል አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በዓመት በአማካይ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ መክሯል፤ ቀድሞ 10 ነበር። ዝቅ ያደረገው ብናኙ ሳንባ ብቻ ሳይሆን ልብና አንጎልም ላይ እንደሚደርስ ማስረጃው ስለበዛ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ በሳል የሚታፈን ሕፃን ከ«ስንት ችግር» ውስጥ አይቆጠርም? ሌሎች ደግሞ ቁጥር ይፋ ከሆነ ባለሀብት ይሸሻል ይላሉ። እንግዲያው ባለሀብቱ ጭስ ማውጫው ላይ ማጣሪያ ቢገጥም ቁጥሩ ይወርድለታል፤ ካልተለካ ግን የገጠመውና ያልገጠመው በምን ይለያሉ?

ሕጉ አልጎደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአየር ጥራት ደረጃም እንዲወጣ ያዛል። ሳይለኩ ደረጃ ማስከበር ሚዛን በሌለው ገበያ ኪሎ እንደመቆጣጠር ነው።

አቅም የለንም ለሚል ካምፓላ ቅርብ ናት። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ኤርኮ በሚል ስም ለአፍሪካ አቧራና ሙቀት የሚስማማ መለኪያ ራሳቸው ሠርተው በሞተር ሳይክል ላይ ሳይቀር ገጠሙት፤ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞችም ወስደውታል። የውጭ ገንዘብ አልናቁም፣ ጉግልም ረድቷቸዋል። መሣሪያውና ዕውቀቱ ግን የራሳቸው ስለሆነ ለጋሹ ቢሄድ እንኳ የሚጠግነው ሰው እዚያው አለ።

የአዲስ አበባና የኦሮሚያ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንድ መረብ ይዘርጉ። ትልቁ ማመሳከሪያ መሣሪያ ከኤምባሲ ግቢ ወጥቶ በመንግሥት ግቢ፣ በመንግሥት በጀት ይቁም። ትናንሾቹ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በተፍኪ ጤና ጣቢያዎች ይሰቀሉ፤ ቁጥሩም በአማርኛና በኦሮምኛ በየሰዓቱ ይውጣ። የውጭ አጋር ይምጣ፣ ሰነድም ይፈረም። በፊርማው ዕለት የተገኘ ጋዜጠኛ ግን ፎቶ ከማንሳቱ በፊት፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የማጣሪያውን ጥቅል ከየትኛው የበጀት ርዕስ ማን እንደሚገዛ ይጠይቅ።