ጤፍ ቆጥሮ ነጩን ከቀዩ የሚለይ ማን ነው?

ሰሞኑን የታተመ አንድ ጽሑፍ የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዝርያ ነው ወይስ ብዙ የሚለውን ክርክር ባንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶታል፤ የክሮሞሶም ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ዝርያቸውም አንድ ነው ባይ ነው። ይፋግ ተቀምጦ ወደ ጣና የሚፈሰውን የርብን ወንዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ አይዋጥለትም።

ለቆጠራው የሚገባውን አልነፍገውም። ቆሮሶ 44፣ አምባዛ 56 ክሮሞሶም አላቸው፤ የሚያምታታ ነገር የለም። የነጭ ዓሣ ትንንሽ ዘመዶች 50 ገደማ፣ ትልልቆቹ ደግሞ 150 ገደማ መሆናቸው ሁለቱን ወገን በግልጽ ለይቷል።

ከዚያ ወዲያ ግን ቢላዋው ይዶለዱማል። ከዓሣው ኩላሊት የተወሰደው ህዋስ የህዋስ ክፍፍልን በሚገታው ኮልቺሲን በተባለ ኬሚካል ተይዞ፣ መስታወት ላይ ተንጠባጥቦና በጊምሳ ቀለም ተነክሮ ሲታይ፣ 150 ጥቃቅን ዘንጎች እንደ ተበተነ ጤፍ ተደራርበው ይወጣሉ። ትልልቆቹ ሁሉ በዚሁ ቁጥር ዙሪያ ናቸው። ታዲያ ቁጥሩ ምን ሊለይ?

ተመራማሪው ባኒስተር በ1973 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ባንድ ስም ጠቀለላቸው። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ናግልከርከና ሲቢንግ ግን በኋላ የአፋቸውን ቅርጽ፣ የአካላቸውን ልክና ምግባቸውን መርምረው 15 ያህል ዝርያ ለዩ፤ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው።

ነገሩ የስም ጨዋታ አይደለም። በክረምት ከፊሎቹ ለመራባት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። መረብ ወንዝ አፍ ላይ ሲዘረጋ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። «ሁሉም አንድ ነው» ካልን የጠፋውን ማን ያስተውላል? ክሮሞሶም ምስክር ይሁን፤ ዳኛ ግን አይሁን።