ፊደል የሚቆረጠው መጋጠሚያው ላይ ነው

ታኮማ ፓርክ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በከተማዋ ምርጫ እንዲሳተፉ ከፈቀደች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ ግን መብት በሕግ ቢጻፍም የሚፈጸመው በኮምፒውተር ነው። «ቅጹ በአማርኛ ይተርጎም» የሚለው ሙግትም ትክክል ቢሆንም ጎደሎ ነው።

ብዙ ነባር ሥርዓቶች የተመሠረቱበት የሲ ቋንቋ የአንዱን ፈንክሽን ውጤት ለሌላው ሲያቀብል የሚያጣራው የዓይነታቸውን መመሳሰል ብቻ ነው፤ ርዝመቱ በባይት ይሁን በፊደል አይጠይቅም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ታኮማ ፓርክ» ከነክፍተቱ 19 ባይት ነው። ለእንግሊዝኛ ልክ የተበጀ ፈንክሽን በ15 ባይት ቢገድበው «ር» ከ3 ባይቷ አንዱን አጥታ ትበላሻለች፤ «ክ» ጨርሳ ትጠፋለች። እያንዳንዱ ፈንክሽን ለብቻው ሲፈተን ያልፋል፤ ጥፋቱ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው።

«አዲስ ቋንቋ ይፈታዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ራስት ጽሑፍን ፊደል መሀል ላይ መቁረጥን አይፈቅድም። ነባሩ ሥርዓት ግን በአንድ ጀምበር አይለወጥም። እንግዲህ ለትርጉም በጀት የሚሟገቱ ባለሙያዎች በግዢ ውሉም ላይ ይሟገቱ፦ ጽሑፍ ከፊደል ድንበር ውጭ አይቆረጥ፤ ፈንክሽኖቹም ተያይዘው፣ በአማርኛ ስም ይፈተኑ። ስሙ ተቆርጦ የታተመበት ሰው ቅጹ በቋንቋው መሆኑ አያጽናናውም።