ስለ ቦነስ ግብርና ስለ አሠሪው የጽሑፍ ግዴታ

የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ ትርፉ በታወቀ ጊዜ፣ አሠሪ የደከመለትን ሠራተኛ በቦነስ ማመስገኑ የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን ሥራው በአንድ ስፍራ ተሠርቶ ገንዘቡ በሌላ ስፍራ የተከፈለ እንደ ሆነ፣ ግብሩ የማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህ ጥያቄ ጎልቶ የሚታየው በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ነው። በዚያ አገር ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው ሠራተኛ የሚያስተዳድሩም አሉ። ስለዚህ ነገሩ በዚያ ዘመድ ወይም የንግድ ደንበኛ ላለው ነጋዴ ሩቅ አይደለም።

በአሜሪካ ሠራተኛው ለፌዴራሉ መንግሥት ከሚከፍለው የገቢ ግብር ሌላ፣ አብዛኞቹ ግዛቶች የየራሳቸውን የገቢ ግብር ያስከፍላሉ። እንደ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ኔቫዳ ያሉት ግን ከደመወዝ ላይ የግዛት ግብር አይወስዱም። ሕጉ በሁለት መሠረት የቆመ ነው። አንደኛው፣ ሰው ነዋሪ የሆነበት ግዛት ከየትም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ሥራው የተሠራበት ግዛት፣ ሠራተኛው ለቆ ከሄደ በኋላም ቢሆን፣ በዚያ ስለ ተሠራው ሥራ ከተከፈለው ገንዘብ ድርሻውን ይጠይቃል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አንድ ግዛት ነዋሪው ያልሆነ ሰው በውስጡ ባገኘው ገቢ ላይ ግብር መጣል እንደሚችል በ1920 እ.ኤ.አ. ወስኗል።

ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ የ2024 እ.ኤ.አ. ዓመትን በሙሉ በካሊፎርኒያ ሠርቶ፣ በጃንዋሪ 2025 ወደ ቴክሳስ ተዛወረ እንበል። በማርች ወር ያለፈው ዓመት ቦነስ 10,000 ዶላር ቢደርሰው፣ አዲሱ መኖሪያው ግብር የማያስከፍል ነውና ነጻ ወጣሁ ብሎ ቢያስብ ይሳሳታል። ገንዘቡ በካሊፎርኒያ የተሠራ ሥራ ዋጋ ስለ ሆነ፣ ካሊፎርኒያ ግብሯን ትጠይቃለች። በቦነሱ ዓመት ከነበሩት 250 የሥራ ቀኖች 150ውን በካሊፎርኒያ፣ 100ውን በቴክሳስ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ በቀኖቹ ልክ ሲከፈል 6,000 ዶላሩ የካሊፎርኒያ ገቢ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። በቴክሳስ ሠርቶ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሆነ በኋላ ቦነሱን የተቀበለ ሰው፣ በነዋሪነቱ ለካሊፎርኒያ ግብር ይከፍላል፤ ቴክሳስ ምንም ስላልወሰደችም የሚቀናነስለት ነገር የለም። ከካሊፎርኒያ ወደ ኮሎራዶ እንደ ሄደው ሰው ሁለቱም ግዛቶች ግብር የሚጠይቁት ሲሆን፣ ኮሎራዶ ለካሊፎርኒያ የተከፈለውን በሕግ በተወሰነው ልክ ታቀናንስለታለች፤ እርሱም ይህን የሚያገኘው መክፈሉን በማስረጃ ሲያሳይ ነው።

እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው ከሕጉ ይልቅ ከዝምተኛው ወረቀት ነው። አሠሪው ከቦነስ ላይ ለፌዴራሉ መንግሥት እንደ ልማዱ ከመቶ 22 ይቀንሳል፤ ካሊፎርኒያም ለራሷ ከመቶ 10.23 እንዲቀነስላት ትጠይቃለች። ይህ ቅናሽ ግን ቅድሚያ ክፍያ እንጂ የመጨረሻው ሒሳብ አይደለም። የደመወዝ ክፍሉ የሠራተኛውን የዛሬ አድራሻ ብቻ ተመልክቶ ለቀድሞው ግዛት ሳይቀንስ የቀረ እንደ ሆነ፣ ተቀባዩ ገንዘቡን ለቤት ኪራይና ለልጆቹ ትምህርት ካዋለው በኋላ የግብር መጠየቂያው ከነወለዱና ከነመቀጫው ይደርሰዋል። ምስጋና ተብሎ የተሰጠው ገንዘብ ያን ጊዜ ዕዳ ይሆናል።

ግብር ከፋዩ ራሱ ሕጉን ይወቅ የሚሉ ሰዎች አሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሠራተኛውም ከመዛወሩ በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል። ሆኖም የሥራውን ቀን መዝገብና የቦነሱን ስሌት በእጁ የያዘው አሠሪው ነው። ለአገሩና ለቋንቋው እንግዳ የሆነ ሠራተኛ ያላየውን መዝገብ እንዲያውቅ መጠየቅ ፍርድ አይደለም። መቀነስ የሚገባውን ያልቀነሰ አሠሪም ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከቦነሱ ጋር አንዲት ገጽ ጽሑፍ መስጠት ለሁለቱም ይጠቅማል። በእርሷም ላይ ቦነሱ የየትኛው ጊዜ ሥራ ዋጋ እንደ ሆነ፣ ሥራው በየትኛው ግዛት ስንት ቀን እንደ ተሠራ፣ ለእያንዳንዱ ግዛትም ምን ያህል እንደ ተቀነሰ ይገለጽ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ይህች ጥቂት ድካም ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

በኢትዮጵያም ቢሆን በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ቦነስ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ነው፤ ግብሩን ቀንሶ የሚያስገባውም አሠሪው ነው። ሠራተኛውን ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የሚያዛውር ነጋዴ፣ ቦነሱ መቼና የት ለተሠራ ሥራ እንደ ተከፈለ በመዝገቡ ቢያሰፍር፣ በምርመራ ቀን ራሱንም ሠራተኛውንም ከጭንቀት ያድናል። ለሰው የድካሙን ዋጋ መስጠት መልካም ነው፤ የሰጡትን አጥርቶ መጻፍ ግን ስጦታውን ሙሉ ያደርገዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።