ሽማግሌ ይቅር የሚለው በማን ገላ ነው?

«ጠለፋ በሽምግልና አልቆ ጋብቻ ከተፈጸመ ሕግ ምን አገባው?» የሚል ጽሑፍ ታትሞ አነበብን። በሚገባ ያገባዋል!

«ታርቀዋል» ተባለ። ማን ከማን? አባት ካሳውን ተቀበለ፣ ጠላፊ ጉልበት ሳመ፣ ሽማግሌ መረቀ፤ ልጅቱን የጠየቃት ግን የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻን የሚመሠርተው በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው፤ የአባት ካሳ እዚያ ውስጥ አልተጻፈም።

«ባህላችን ነው» ተባለ። ሽምግልናስ ባህላችን ነው፤ የሰው ገላ ግን እንደ ድንበር መሬት በእርቅ አይካለልም።

«ጋብቻው ጥፋቱን ያብሳል» ተባለ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለጠላፊው ይህን ቀዳዳ ትቶለት ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደፈነው። አንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም።

ጸሐፊው የሚሟገቱን በተሻረ ሕግ ነው። ስለ ገላዋ ወሳኟ እሷው ናት።