አቀበትን በልክ መውጣት



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጾምና ስለ ትምህርት ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ስለ ቢስክሌት ብንጽፍ ከቦታው የወጣ ነገር አይምሰላችሁ፤ ነገሩ ከቤተ ሰብ ኑሮ የራቀ አይደለምና።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቻችን ሰባቱ የግንቦት 12ን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን በዓል በደብረ ሊባኖስ ለማክበር በቢስክሌት መሄድ እንደሚፈልጉ ነገሩን። መንገዱ ከአዲስ አበባ በአዲሱ ገበያ ወጥቶ፥ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ፥ በሱሉልታ፥ በጫንጮና በሙከጡሪ እያለፈ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እኛም በወጣትነታችን ቢስክሌት የነዳን ስለ ሆንን አሳቡን በደስታ ተቀብለን ወላጆቻቸውን አስፈቀድን።

ርቀቱ ብቻ ቢሆን ባላስቸገረ ነበር፤ የሚያስቸግረው አቀበቱ ነው። ጕዞው የሚጀመረው በአቀበት ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ገዳሙ የሚታጠፈው ደግሞ ቁልቁለት ስለ ሆነ መልሱም በአቀበት ይጀምራል። ስለዚህ ዐቢይ ጾም እንደ ገባ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ እስከ ጫኑባት እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ መለማመድ ጀመርን። ልጆቹንም ለማበርታት ስንል ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በቢስክሌት 24ኛ መውጣቱን፥ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ነገርናቸው። ተረኩ መልካም ነበር፤ የተረክንበት ምክንያት ግን ልጆቹ እንዳይቆሙ ነበር።

አሁን በደላችንን እንናገር። አንድ ረቡዕ በ9 ሰዓት ከትምህርት እንደ ወጣን ወደ ዳገቱ ሄድን። ከሰባቱ አንዱ፥ ትሑትና ዝምተኛ የሆነው ልጅ፥ ወደ ኋላ ሲቀር አይተን «በርታ፥ አትቁም!» እያልን ጮኽንበት። እርሱም አልቆመም፤ ነገር ግን ጥቂት ሄዶ ከነቢስክሌቱ ወደቀ። ደንግጠን በጥላ ሥር ስናስተኛው፥ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት እናቶች አንዲቱ ሸክሟን አውርዳ ቀረበችና «ጌታዬ፥ ልጁ እህል ቀምሷል?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ልጁ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ነበር፤ እኛም አልጠየቅነውም። ነፍሱ ተመልሳ ከተቀመጠ በኋላ ውኃ አጠጣችው፤ ከመቀነቷም ፈትታ ቆሎ ሰጠችው።

ማታ ወደ ቤቱ ወስደን ለእናቱ የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ እንዲህ አሉን፤ «መምህር፥ ጾሙን የሚጾመው ለእግዚአብሔር ብሎ ነው፤ ዳገቱን ግን የወጣው ለእርስዎ ብሎ ነው።»

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሣን። በማግሥቱ ከልጆቹ ጋራ ተቀምጠን አቀበት ምን እንደ ሆነ እንደ ትምህርት መረመርነው። ነጂውና ቢስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ቢመዝኑና መንገዱ 500 ሜትር ወደ ላይ ቢወጣ፥ ሥራው 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን አንድ ሜትር ከፍ እያደረጉ 2,000 ጊዜ እንደ ማንሣት ነው። ይህን በአንድ ሰዓት የሚሠራውና በግማሽ ሰዓት ልጨርሰው የሚለው ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለተኛው ግን በየደቂቃው እጥፍ ኀይል ያወጣል። ማርሽም ቢሆን ሥራውን አይቀንስም፤ እግር በየዙሩ የምትገፋውን ሸክም አሳንሶ ዙሩን ያበዛል እንጂ። በዚህም ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ፥ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። እንግዲህ አቀበት የሚሸነፈው በቍጣ ሳይሆን በማካፈል ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን ፊደል ሳንለይ ዳዊት እንድንደግም ያዘዘን የኔታ አልነበረም፤ ይህን እያወቅን በዳገቱ ላይ ረሳነው።

ከዚያ በኋላ ልምምዱን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውኃ እስከ ሰዓት አይጾምምና፥ ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ በልተን እንወጣ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የአቀበቱን ሲሶ ብቻ፥ ቀጥሎም እኩሌታውን፥ በመጨረሻም ሙሉውን ወጣን፤ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ሰውነት እንዲያርፍ ቀነስን። ለኋለኛው ጓደኛው አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ያልቻለ እንዲያዘግም ወሰንን። ማርሽ የሚለወጠው እግር ከከበደ በኋላ ሳይሆን ከመክበዱ በፊት መሆኑን፥ ከኮርቻ ተነሥቶ መርገጥም ለአጭርና ለቀጥ ያለ ዳገት ብቻ መሆኑን ተማርን። ብርቱ ሥራ በሁለት ሰዓት ያህል የሰውነትን ስንቅ ስለሚያሟጥጥ፥ ሳይርብ መብላትን፥ ሳይጠማም ውኃ መጎንጨትን ልማድ አደረግን። ለቁልቁለቱ ደግሞ የራስ ቁር አስረን፥ ፍሬኑን አስቀድመን መርምረን፥ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረግን፥ ፍጥነትን ከመታጠፊያው በፊት መቀነስን ተለማመድን፤ በቁልቁለት የሚመጣ ጉዳት ከአቀበት ድካም ይልቅ የከፋ ነውና።

ግንቦት 11 ንጋት ላይ ተነሣን። ያን የወደቀውን ልጅ መሪ አደረግነው፤ ሁላችንም በእርሱ ልክ ሄድን። እናቱ በሶ በጥብጠው ለሁላችን ስንቅ ሰጥተውን ነበር። እያረፍን ሄደን፥ ሰባቱም በደኅና ገዳሙ ደረስን፤ በዓሉንም አከበርን።

በመልሱ ከገዳሙ ወደ ዋናው መንገድ ስንወጣ ወደ ኋላ የቀረነው እኛ ነበርን። ያ ልጅ ቆሞ ጠበቀንና በትሕትና «መምህር፥ እህል ቀምሰዋል?» አለን። አልቀመስንም ነበር።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ልጆቻችን እኛን ለማስደሰት ሲሉ ከዐቅማቸው በላይ ይሸከማሉ፤ መድከማቸውንም አይነግሩንም። ስለዚህ «በርታ» ከማለታችን በፊት መጠየቅን እንልመድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።