በእንቅልፍ ጊዜ ራሳቸውን ስለሚወዘውዙ ሕፃናት

በብዙ ቤት ያለ፣ ነገር ግን ወላጆች ለጎረቤት እንኳ ለመንገር የሚያፍሩበት አንድ የሕፃናት የእንቅልፍ ጠባይ አለ። ሕፃኑ ገና ሸለብ ሲያደርገው በደረቱ ተኝቶ ራሱን እያነሣ ከትራሱ ወይም ከግድግዳው ጋራ ያጋጫል፤ ወይም በእጁና በጕልበቱ ተደግፎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ወይም በጀርባው ተንጋሎ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያመላልሳል። አንዳንዱም እየተወዛወዘ ያንጐራጕራል። እንቅስቃሴው ምት ያለው ነው፤ በአንድ ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል፣ ቢፈጥን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ብዙውን ጊዜም 15 ደቂቃ ሳይሞላ ልጁ እንቅልፍ ይወስደውና ያበቃል። ጧት ቢጠይቁት አያስታውስም።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳስብ የምንወደው፣ ጠባዩ ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ በችኮላ የሚሰጠው ስምና በችኮላ የሚታዘዘው መድኃኒት የሚያደርሱት ጉዳት ይበልጥ የሚከፋ መሆኑን ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት የ5 ዓመት ወንድ ልጃቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጁ ሌሊት ራሱን ከግድግዳ ጋራ ስለሚያጋጭ «የሚጥል በሽታ ነው» ተብሎ በሌላ ስፍራ ፌኖባርቢታል ታዞለት ሰባት ወር ሙሉ ወስዷል። ቀን ቀን ከማንቀላፋቱ የተነሣ በመዋዕለ ሕፃናት መቀመጥ አቃተው። የበሽታው ስም በሰፈር ከተሰማ በኋላ ደግሞ ሌሎች ልጆች ከእርሱ ጋራ እንዳይበሉ ተከለከሉ። አባቱ ጨንቋቸው ሌሊት እጆቹን በነጠላ ያስሩት ነበር። እኛም እናቲቱን አንድ ነገር ጠየቅናቸው፤ «ሲወዛወዝ ስሙን ቢጠሩት ምን ያደርጋል?» «አቤት ይልና ያቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል» አሉን። ከዚያ በፊት ይኸንን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ነገሩ ለሕክምና አዲስ አይደለም። በ1905 እ.ኤ.አ. በቪየና ዛፐርት የተባለ የሕፃናት ሐኪም፣ በፈረንሳይ አገር ደግሞ ክሩሼ የተባለ ሌላ ሐኪም ጽፈውበታል። ከዚያ ወዲህ በወላጆች ቃል የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ የ9 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከመቶ 59ኙ ከእነዚህ እንቅስቃሴዎች ቢያንስ አንዱ ይታይባቸዋል፤ በ18 ወር ቍጥሩ ወደ 33 ይወርዳል፤ በ5 ዓመት 5 ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ከግማሽ የሚበልጡት ሕፃናት የሚያደርጉትን ነገር በሽታ ብሎ መጥራት ከቶ አይገባም። በሽታ የሚባለው የልጁን እንቅልፍ ሲያውክ፣ የቀን ትምህርቱንና ጨዋታውን ሲያበላሽ፣ ወይም አካሉን ሲያቈስል ብቻ ነው።

ምክንያቱን ለማስተዋል እናቶቻችንን መመልከት ይጠቅማል። እናት ልጅዋን በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ እያለች የምታደርገውን፣ ይህ ሕፃን ብቻውን ለራሱ ያደርገዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ 12 ጐልማሶች ቀስ እያለ በሚወዛወዝ አልጋ ላይ ቀን እንዲያሸልቡ ተደርጎ፣ ጸጥ ባለ አልጋ ላይ ከተኙበት ጊዜ ይልቅ ቶሎ እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸው ታይቷል። ይኸንን እናቶቻችን ያለ መሣሪያ ያውቁት ነበር።

የሚጥል በሽታ ግን ሌላ ነው፤ በአገራችንም ብርቅ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው የቡታጅራ አካባቢ ጥናት ከ1000 ሰዎች 5 የሚያህሉት ሕመሙ እንዳለባቸው አመልክቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መድኃኒትም አለው። ስለዚህ ያለበት ልጅ ሳይታከም እንዳይቀር፣ የሌለበትም እንዳይታከም መለየት ያስፈልጋል። የሚወዛወዘው ልጅ ሲጠሩት ወይም ሲነኩት ብዙውን ጊዜ ያቆማል። የሚጥል በሽታ የያዘው ግን ቢጠሩት አይመለስም፤ ይገተራል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ምላሱን ሊነክስ፣ ሽንቱም ሊያመልጠው ይችላል፤ ቀንም ሊነሣበት ይችላል። ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ጊዜ ስላለ፣ ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ ለሐኪም የሚረዳው ዛሬ በየቤቱ በሚገኘው የእጅ ስልክ የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ከዚያም በኋላ ጥርጥር ቢቀር የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ይታዘዛል።

ሕክምናውን በሚመለከት፣ እኛ ከልጁ በፊት አልጋው ይታከም እንላለን። አልጋው ከግድግዳ ይራቅ፤ ብሎኑ ይጥበቅ፤ ጫፉ በጨርቅ ይሸፈን። ልጁ ከአልጋ የሚወድቅ ቢሆን ፍራሹ መሬት ላይ ባለ ምንጣፍ ላይ ይነጠፍ፤ ወባ ባለበት አገር አጎበሩ አይረሳ። ነገር ግን አንድ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በትራስና በብርድ ልብስ መክበብ ሊያፍነው ስለሚችል ክልክል ነው። ልጁ በየማታው በአንድ ሰዓት ይተኛ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ቀን እንዲሮጥና ዥዋዥዌ እንዲጫወት ይተው፤ ማታ ቴሌቪዥንና ስልክ ይራቁት። በተወዛወዘ ቍጥር መቈጣትም ሆነ ተሯሩጦ ማንሣትና ማባበል አይጠቅሙም፤ ልጁ ወላጆቹን መጥሪያ ዘዴ አድርጎ ይማረዋልና። ማሰርና ጢስ ማጠን ግን ግፍ ነው። ቤተሰቡ ለልጁ ቢጸልይ የምንቃወመው ነገር የለንም።

ነገሩ በድንገት የጀመረና ልጁ ጆሮውን የሚይዝ ቢሆን ጆሮው ይታይ። የሚያንኰራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ቢሆን ቶንሲሉን ሐኪም ይመልከት። (እንጥል ማስቈረጥ ማለታችን አይደለም፤ ስለዚያ ጉዳት ደጋግመን ጽፈናል።) ቀኑን ሙሉ የሚወዛወዝ፣ ንግግሩ የዘገየ፣ ሰው ፊት የማያይ ልጅ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።

መድኃኒት የመጨረሻው ነው። ራሳቸውን በብርቱ ለሚጐዱ ጥቂቶች ሐኪሞች ክሎናዜፓም በጥቂት መጠን የሚያዙበት ጊዜ አለ፤ ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የእስራኤል ሐኪሞች ጥናት፣ የስድስት ልጆችን የእንቅልፍ ሰዓት ለሦስት ሳምንት በልክ በመቀነስ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ የእንቅልፍ መድኃኒት በመጨመር፣ እንቅስቃሴው በእጅጉ እንደ ቀነሰ ይገልጻል። ስድስት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ዘዴውም ያለ ሐኪም በቤት የሚሞከር አይደለም። ያም ሆኖ ከሰባት ወር ፌኖባርቢታል ይልቅ በዚህ መንገድ ማሰብ ይሻላል።

መምህራን ሆይ፣ ወላጅ ከሐኪም በፊት እናንተን ይጠይቃል። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ስታዩ ሌሊት እንዴት እንደሚተኛና ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ብትጠይቁ፣ ያልተመረመረውንም ልጅ በበሽታ ስም ከመጥራት ብትቈጠቡ ሥራችንን ታቀሉልናላችሁ።

ያ ልጅ መድኃኒቱ ከሐኪም ጋራ በመመካከር በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ቆመለት፤ በአንድ ጊዜ ማቆም ራሱ ሊያንዘፈዝፍ ስለሚችል ነው። አባቱ አልጋውን ወደ ክፍሉ መካከል አወጡት። አሁን አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ ሲደክመው ግን ዛሬም አልፎ አልፎ እያንጐራጐረ ይወዛወዛል ይላሉ እናቱ።